የአዳኝ ስለት፤ ስለ መሣሪያ ምርጫ ከደብረ ታቦርና ከበጌምድር ታሪክ
(በራዲዮ ከተሰማው ንግግር የተወሰደ)



የሰው ልጅ ከዱር አውሬ ጋራ መታገል ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ አንድ ጥያቄ ሳይለየው ኖሯል። ይኸውም፥ «በእጄ የያዝኩት ስለት የጀመርኩትን ሥራ ይፈጽምልኛልን?» የሚለው ነው። አዳኝ መሣሪያውን በደኅና ጊዜ ካልመረመረ አውሬው ከፊቱ በቆመ ጊዜ የሚመረምርበት ፋታ አያገኝም። ስለቱ ሳያጎድል ካቆሰለም አውሬው ጫካ ገብቶ ብዙ ተሠቃይቶ ይሞታል፤ አዳኙም ሥጋውን ሳያገኝ፥ ክብሩንም ሳያተርፍ ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ የመሣሪያ ምርጫ ነገር የጨዋታ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ጉዳይ ዛሬ ለመናገር ያነሣሣን በውጭ አገር የሚደረገው አንድ ክርክር ነው። በአሜሪካ አገር በጠመንጃ ሳይሆን በቀስት ማደን የሚወዱ ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው። የሚያድኑትም በአብዛኛው ጅራቱ ከሥሩ ነጭ የሆነውን፥ ቀንዱንም በየዓመቱ ጥሎ እንደገና የሚያበቅለውን የዋላ ወገን ነው። በመጽሐፍ ቅዱሳችን ዋላ የሚለውን ስም ዘወትር የምናነበው ቢሆንም ይህ ወገን በእኛ አገር በተፈጥሮ አይገኝም። በእኛ ደጋ ያሉት አጋዘን፥ ድኩላ፥ ሚዳቋና ሰስ ቀንዳቸውን የማይጥሉ፥ ከሌላ ወገን የተፈጠሩ እንስሳት ናቸው።

እነዚህ ባለ ቀስቶች የሚከራከሩበት ነገር የፍላጻው ጫፍ ነው። አንደኛው ዓይነት ጫፍ ምላጩ ከግንዱ ጋራ የተጣበቀ፥ የማይነቃነቅ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ግን ምላጩ የሚታጠፍ ነው። ፍላጻው በአየር ሲሄድ ምላጮቹ በጎማ ቀለበት ወይም በሌላ መያዣ ተይዘው እንደ ታጠፈ ሰንጢ ይከደናሉ፤ የአውሬውን ቆዳ በነኩ ጊዜ ግን ወደ ውጭ ተከፍተው ሰፊ ቁስል ይቆርጣሉ። የማይነቃነቀው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሳንቲሜትር ያህል ስፋት ሲቆርጥ፥ የሚከፈተው አራትና አምስት ሳንቲሜትር የሚደርስ ቁስል ሊያደርግ ይችላል።

የሚከፈተውን የሚወዱ ሰዎች እንዲህ ይላሉ። «የማይነቃነቀው ሰፊ ምላጭ በአየር ላይ እንደ ክንፍ ነፋስ ስለሚይዝ ፍላጻውን ከመንገዱ ያወጣዋል። የእኛ ግን ተከድኖ ስለሚሄድ ካነጣጠርንበት አይስትም፤ ቁስሉም ሰፊ ስለሆነ አውሬው ቶሎ ይወድቃል።» የሚቃወሟቸውም በበኩላቸው «ምላጩን ለመክፈት ከፍላጻው ኃይል ላይ ይቀነሳል፤ በአጥንት ላይ ወይም በጐን በኩል አዘንብሎ ቢመታ ሳይከፈት ሊቀር ወይም ሊሰበር ይችላል፤ የሚንቀሳቀስ አካል ያለው ነገር ሁሉ የሚበላሽበት ቀን አለው» ይላሉ። ነገሩ የሕግ ጉዳይ እስከ መሆንም ደርሶ፥ በአንዳንዱ ክፍለ አገር የሚከፈተው ጫፍ ለትልልቅ አውሬ እንዳይሠራበት የታገደበት ጊዜ ነበር።

አድማጮቻችን፥ ይህ ክርክር ከእኛ የራቀ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ዛሬ የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ያለው የቀድሞው የበጌምድር አገር ይህንኑ ጥያቄ ባለፉት ዘመናት ደጋግመው አይተውታል። የታሪኩን መዝገብ ብንገልጥ ፈራጅ ሆነን ለመናገር የሚያስችል ምስክር እናገኛለን።

በደጋው አገር የጌታውም የገበሬውም መሣሪያ ጦርና ጋሻ ነበረ። የጦሩን ብረት የሚሠሩት ቀጥቃጮች ሲሆኑ፥ በጎንደርና በበጌምድር በዚህ ሙያ የታወቁት በተለይ ቤተ እስራኤል ናቸው። ጦር የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ብረቱ በዛቢያው ላይ ከተሰካ በኋላ የሚቀረው የክንድ ብርታትና የዓይን ትክክለኛነት ነው። ዝሆን፥ አንበሳ፥ ጎሽና አውራሪስ የገደለ ሰው ገዳይ ተብሎ ይፎክር፥ ይሸለም፥ በማኅበሩም መካከል ከፍ ብሎ ይታይ የነበረው አውሬውን የሚጠጋበት ርቀት አጭር፥ አደጋውም ታላቅ ስለ ነበር ነው።

በ1762 ዓ.ም. ወደ ጎንደር የመጣው የስኮትላንድ ሰው ጄምስ ብሩስ ስለዚህ ብዙ ነገር ጽፎ ትቷል። ከጎንደር ወጥቶ ወደ አገሩ ሲመለስ በ1764 ዓ.ም. በጥር ወር በምዕራብ ቆላ በአይቶ ኮንፉ ዘንድ ተቀምጦ የዝሆን አደን አየ። የዚያ አገር አዳኞች ዋና ብልሃት ቋንጃ መቁረጥ ነበር። በአንድ ፈረስ ላይ ሁለት ሰዎች ይቀመጣሉ። የፊተኛው ጋላቢ የራሱንና የፈረሱን ስም እየጠራ በዝሆኑ ፊት ይፎክራል፤ ዝሆኑም ተቆጥቶ ወደ እርሱ ሲዞር የኋለኛው ሰው ሰይፉን ይዞ በሌላው ጐን ይወርዳል። ከኋላ በኩል ደርሶም ከተረከዙ ከፍ ብሎ ያለውን ጅማት በአንድ ምት ይቆርጠዋል። ጋላቢው ፈረሱን አዙሮ ጓደኛውን ያነሣዋል። ዝሆኑም መራመድ ስለሚሳነው በጦር ይጨረሳል።

ብሩስ ስለ ሰይፉ የጻፈው ነገር ለርእሳችን እጅግ ጠቃሚ ነው። ሰይፉ በትሪየስቴ ወደብ በኩል የሚመጣ ሰፊ ስለት ሲሆን፥ አዳኞቹ ከእጀታው ጀምረው 35 ሳንቲሜትር ያህሉን በሲባጎ ይጠቀልሉታል። ይህም አንዱን እጅ በእጀታው፥ ሁለተኛውን እጅ በራሱ በስለቱ ላይ አድርጎ ለመያዝ ያስችላል። የቀረው ክፍል ግን እንደ ምላጭ የተሳለ ነበር። ከዘጠና ዓመት ያህል በኋላ በሰቲት ወንዝ አጠገብ የሐምራንን አዳኞች ያየው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከርም ይህንኑ አሠራር አይቶ አድንቋል። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ከውጭ አገር የመጣውን ብረት እንዳለ አልተቀበሉትም፤ ለእጃቸውና ለሥራቸው እንዲስማማ አድርገው አሰናዱት። የመቱትም የዝሆኑን ግዙፍ ደረት ሳይሆን ትንሿን ጅማት ነው። ስለዚህ ስለት ኃይሉ በስፋቱ ብቻ እንዳልሆነ፥ በሚያርፍበት ቦታም እንደሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ይኸው ብሩስ በጎንደር ቤተ መንግሥት ያደረገው ሌላ ነገር ደግሞ አለ። የራስ ሚካኤል ስሑል ዘመድ ከነበረው ከገብረ መስቀል ጋራ ስለ ነፍጥ አተኳኰስ ተከራክረው ነበርና፥ ብሩስ በንጉሡ በዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ፊት ነፍጡን በእርሳስ ጥይት ፈንታ በግማሽ የሞራ ሻማ አጐረሰው። በተኰሰም ጊዜ ሻማው በላይ በላዩ የተደረደሩትን ሦስት የቆዳ ጋሻዎች በሳቸው፤ ቀጥሎም የዋርካ ወገን ከሆነ እንጨት የተሠራውን ገበታ በሳ። የተመለከቱት ሰዎች እጅግ ተደነቁ፤ አስማት ነው ያሉም ነበሩ።

ነገር ግን አስማት አልነበረም። የአንድ ነገር የመምታት ኃይል ከክብደቱ ይልቅ በፍጥነቱ እጅግ ይበዛል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ለስላሳው ሻማ ጋሻ የበሳው ባሩዱ ስላፈጠነው ነው። ይህን ይዘን ወደ ፍላጻው ብንመለስ ነገሩ ግልጽ ይሆንልናል። 26 ግራም የሚመዝን ፍላጻ በዘመናዊ ቀስት በሰከንድ 85 ሜትር ያህል ቢበር ኃይሉ ከ90 ጁል ብዙም አያልፍም። የዛሬ የአደን ጠመንጃ ጥይት ግን ከ3,000 ጁል በላይ ይይዛል። ስለዚህ ጥይት በኃይሉ ሰብሮ ይገድላል፤ ፍላጻ ግን ሰብሮ ሊገድል ስለማይችል ቆርጦና ደም አፍስሶ መግደል አለበት። የደነዘ ስለት የያዘ ባለ ቀስት በመሠረቱ ምንም መሣሪያ አልያዘም ማለት ይቻላል። ካለው ጥቂት ኃይልም ከፊሉን ምላጭ ለመክፈት የሚያወጣ ሰው የሚተርፈው ኃይል ወደ ሳንባና ወደ ልብ ለመዝለቅ የሚበቃ መሆኑን አስቀድሞ መመርመር ይገባዋል።

በእኛ አገርም በፍላጻ ያደኑና የተዋጉ ሰዎች ይህን የኃይል ማነስ ዐውቀውት ነበር። በደጋው በበጌምድር ቀስት እንደ ጦር የገነነ ባይሆንም፥ በቆላውና በደቡቡ ብዙ ሕዝብ ይሠራበት ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው ፉቱሕ አል ሐበሻ የተባለው የዐረብ መጽሐፍ ማያ የሚባሉትን በመርዝ ፍላጻ የታወቁ ተዋጊዎች ያነሣል። እነዚህ ሰዎች የፍላጻቸውን ጉድለት ያሟሉት ስለቱን በማስፋት ሳይሆን መርዝ በመቀባት ነው። ከመርዙ ዕፅዋት አንዱ በአማርኛ መረንዝ የሚባለው ዛፍ ነው፤ በዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድም የሚጠራው በ19ኛው መቶ ዓመት በአገራችን ብዙ ዘመን ኖሮ በዓድዋ በሞተው በጀርመኑ ሊቅ በሺምፐር ስም ነው። በመርዙ ውስጥ ያለው ዑዋባይን የተባለው ንጥረ ነገር የልብን ትርታ የሚያውክ ሲሆን፥ ስሙ ከሶማልኛ ቃል የተወሰደ ነው። የአውሮፓ ሐኪሞችም በጥቂት መጠን ለልብ በሽታ መድኃኒት አድርገውት ነበር። ትንሽ ጭረት የሚበቃው መርዘኛ ፍላጻ ቀጭን ጫፍ ይመረጥለታል፤ መርዝ የሌለው ፍላጻ ግን ሰፊና የተሳለ ስለት ያሻዋል። አንዱ ለሌላው ሥራ ቢውል ጥፋት ነው።

አሁን ከአደን ወደ ጦር ሜዳ እንሻገር፤ ደብረ ታቦር የመሣሪያ ምርጫን ነገር በይበልጥ ያየችው በዚያ ነውና። ከተማይቱ በየጁው ራስ ጉግሣ ተቆርቁራ የራሶች መቀመጫ ሆና ሳለ፥ በ1834 ዓ.ም. የስሜኑና የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ በዳግማዊ ራስ ዐሊ ላይ ዘመቱ። የራስ ዐሊ መመኪያ ፈረሰኛ ነበረ፤ ደጃዝማች ውቤ ግን ወደ ባሕር ጠረፍ የሚያደርስ መንገድ ስለ ነበራቸው ብዙ ነፍጥ ሰብስበው ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ በተደረገው ጦርነት ነፍጡ ፈረሱን አሸነፈ፤ ራስ ዐሊም ሸሹ። ነገር ግን ደጃዝማች ውቤ የድል ደስታቸውን ሲያከብሩ የራስ ዐሊ ወገን የሆኑት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ማረኳቸው። ነፍጡ ሥራውን ሠርቶ ነበር፤ የጎደለው የባለቤቱ ጥንቃቄ ነው። አዳኞችም ቢሆኑ የተመታ አውሬ ወደቀ ብሎ ሳይጠነቀቁ መቅረብ ስንቱን እንዳስቀጠፈ ያውቃሉ።

ከዚህም በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ባደረጉ ጊዜ በአጠገቧ ባለችው በጋፋት የመሣሪያ መሥሪያ አቋቋሙ። በስዊስ አገር ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የመጡት ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ጓደኞቹ፥ እንዲሁም ፖላንዳዊው ሞሪትስ ሐልና ሌሎች ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋራ ሆነው መድፍ አፈሰሱ። ከሁሉም የሚበልጠው ሴባስቶፖል የተባለው ወደ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ነበር። ይህ መድፍ ምንም የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው፥ በአፉ የሚጐርስ ቀላል አሠራር ያለው ነው። ችግሩ ክብደቱ ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መንገድ እየተቆረጠለት በብዙ ሰዎች ጉልበት እየተጐተተ መቅደላ እስኪደርስ ድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀ።

በሌላው ወገን የመጣው የእንግሊዝ ወታደር የያዘው አገራችን በኋላ ሰናድር ብላ የሰየመችውን ጠመንጃ ነበር። ሰናድር በአፉ ሳይሆን በኋላው የሚጐርስ፥ በማጠፊያ የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን ያለው ጠመንጃ ነው። በአፉ የሚጐርሰው ጠመንጃ በአንድ ደቂቃ ሦስት ጊዜ ቢተኩስ፥ ሰናድር አሥር ጊዜ ያህል ይተኩሳል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በእሮጌ ሜዳ የፊታውራሪ ገብርዬ ጦር በጀግንነት ወርዶ ሲገጥም በአፍ የሚጐርሰው ነፍጥና ጦሩ ይህን ሊቋቋም አልቻለም። ከእኛ ወገን ሰባት መቶ ያህል ሲወድቁ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ብቻ ነበሩ። ፊታውራሪ ገብርዬም በዚያው ወደቁ። ከዐፄ ቴዎድሮስ ትልልቅ መድፎች አንዱ ሲተኰስ ፈነዳ፤ ሴባስቶፖልም በጦርነቱ ሳይተኰስ ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱም ከሦስት ቀን በኋላ፥ ሚያዝያ 6 ቀን በመቅደላ አምባ ላይ እጄን አልሰጥም ብለው በገዛ እጃቸው ሞቱ።

እንግዲህ አድማጮቻችን «ተንቀሳቃሹ መሣሪያ ቀላሉን አሸነፈ» ብለን ልንፈርድ እንችላለን። ፍርዱ ግን በዚህ ብቻ አያልቅም። የሰናድር ክዳን በጦር ሜዳ ያልከዳው ከኋላው ጥይት የሚያቀርብ ፋብሪካ፥ የተበላሸውን የሚያበጅ ሠራተኛ፥ አያያዙን የተማረ ወታደር ስለ ነበረው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስም ይህን ስላላወቁ አይደለም የተጐዱት። እንዲያውም በሚገባ ዐውቀው ነበርና መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ሠሪ ይምጣልኝ እያሉ ወደ አውሮፓ የጻፉትና በጋፋት የደከሙት ስለዚሁ ነው። ያጠራቸው ጊዜ ነው። ቆይቶም በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ድል የዐፄ ዮሐንስ ጦር ከግብፅ ሠራዊት በኋላው የሚጐርሱ ጠመንጃዎችን በብዛት በማረከ ጊዜ፥ ጥይት እስከ ተገኘ ድረስ በኢትዮጵያዊ እጅም በሚገባ እንደሚሠሩ ታየ።

በዚህ መሠረት ወደ ተነሣንበት ወደ ፍላጻው ጫፍ ብንመለስ፥ ከታሪካችን የሚገኘው ፍርድ እንዲህ ነው። ቀስቱ ብርቱ፥ ርቀቱም ቅርብ ለሆነለት፥ አውሬውም ጐኑን ሰጥቶ ለቆመለት ሰው የሚከፈተው ምላጭ መልካም ነው። ክንዱ ደካማ ወይም ቀስቱ ለስላሳ ለሆነ ሰው፥ ወይም አጥንቱ ወፍራም የሆነ ትልቅ አውሬ ለሚያድን ሰው ግን የማይነቃነቀው ይሻለዋል፤ ኃይሉን ሁሉ ለመዝለቅ ያውለዋልና። ሁለቱም ቢሆኑ በየጊዜው ተፈትነው፥ ምላጫቸው ታድሶ፥ መያዣቸው ተመርምሮ ካልተያዙ ዋጋ የላቸውም። የሚከፈተውን ጫፍ የያዘ ሰው አሮጌ ጎማ ቀለበት ይዞ ጫካ ቢገባ ፍላጻው በአየር ላይ ይከፈትበትና ይስታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ እርግጠኛ ያልሆነበትን ምት መተው የአዳኝ የመጀመሪያ ሕግ ነው። የወረወሩት ጦርና የለቀቁት ፍላጻ አይመለሱምና።

ነገር ግን ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጉዳይ አለ። ባለ ጦሩ አዳኝ ወደ አውሬው በጣም መጠጋት ነበረበትና ከመንጋው ብዙው ያመልጠው ነበር። ነፍጥ በየቤቱ ከገባ በኋላ ግን ርቀቱም አደጋውም ቀረ፤ ከዚያም ጋራ አውሬው እያለቀ ሄደ። የእርሻውና የግጦሹ መስፋት፥ የደኑም መመንጠር ተጨመረበት። የጎረቤታችን የስሜን ዋልያ ከጥፋት አፋፍ የደረሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ መቋቋሙም እርሱን ለማዳን ነበር። መንግሥት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944 ስለ ዱር አራዊት ጥበቃ አዋጅ ማውጣቱ የሚታወስ ሲሆን፥ ዛሬም ቢሆን በአገራችን ያለ ፈቃድ ማደን የተከለከለ ነው። ፈቃድ የሚሰጠውም ለተወሰነ ዓይነትና ቍጥር በተከለለ ቦታ ብቻ ነው።

በደቡብ ጎንደር ደጋ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከሚታየው ከጉና ተራራ ጀምሮ እስከ ጣና ዳርቻ ድረስ ያለው አገር ዛሬ በአብዛኛው እርሻ ነው። የቀድሞው ደን ቅሬታ የሚታየው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽርና እንደ ዓለም ሳጋ ባሉ ጥቂት የተጠበቁ ደኖች ነው። ድኩላና ሚዳቋም የተጠጉት ወደ እንዲህ ዓይነት መጠለያ ነው። ለእነዚህ የሚያስፈልገው የተሳለ ፍላጻ ሳይሆን ጠባቂ ነው። የአያቶቻችንን የመሣሪያ ብልሃት ማድነቅ ተገቢ ቢሆንም፥ አደኑን ዛሬ በየጫካው እንድገመው ማለት ግን ያንኑ ብልሃት ማፍረስ ይሆናል። የሚመረጥ መሣሪያ ቀርቶ የሚታደን አውሬ አይኖርምና።

ለእኛም በየመሥሪያ ቤቱ ለተቀመጥነው ሰዎች ከዚህ ታሪክ የሚቀር ትምህርት አለ። አዲስ መኪና ወይም አዲስ መሣሪያ ለመሥሪያ ቤት ሲገዛ፥ አዲስ መሆኑን ብቻ አይተን አንደሰት፤ አሮጌው ይበቃል ብለንም አንዘንጋ። ለየትኛው ሥራ እንደሚውል፥ ያለን አቅም ሊያንቀሳቅሰው እንደሚችል፥ በተበላሸም ጊዜ ማን እንደሚያበጀው አስቀድመን እንጠይቅ። ይህን ሳይጠይቁ መግዛት ሳይስሉ እንደ መዝመት ነው። ቋንጃ ቆራጮቹ ከባሕር ማዶ የመጣውን ሰይፍ በሲባጎ ጠቅልለው የራሳቸው እንዳደረጉት ሁሉ፥ እኛም ከውጭ የምናመጣውን ነገር ለእጃችን እንዲስማማ ማሰናዳት ይገባናል።